የጓዳ ወሬ

እናቴ ከጻፈችልኝ ደብዳቤዎች ውስጥ እስካሁን እጄ ላይ ያሉት ሦስት ብቻ ናቸው። ሦስቱም ሉክ ላይ በሰማያዊ ቢክ የተጻፉ፣ ፊደሉ ትላልቅ፣ አንዳንዱ መስመሩ ላይ የተቀመጠ አንዳንዱ ከመስመሩ የወረደ፣ ደግሞ በጣም ተጭና ስለምትጽፍ ወረቀቱን ገልብጣችሁ በጣታችሁ ብትዳብሱት ፊደሉ ከኋላ በኩል ይታወቃችኋል። አንደኛው ጥጉ ላይ የበርበሬ እድፍ አለው። እናቴ ማንበብና መጻፍ የተማረችው ትልቅ ሰው ሆና በመሠረተ ትምህርት ነው፣ ዘመቻው 1971 ዓ.ም. ሲጀመር እኔ የአምስት ዓመት ልጅ ነበርኩ፣ ታናሽ ወንድሜን አዝላ እኔን በእጇ ይዛ ቀበሌ እየሄደች ነው ፊደል የቆጠረችው። ማታ ደግሞ ምጣዱ እስኪሰማ ድረስ በከሰል ስባሪ የጓዳው ግድግዳ ላይ ትለማመድ ነበር።

ደብዳቤዋ አጀማመሩ ሁሌም አንድ ነው። "ለጤናሽ እንደምን ነሽ፣ እኔ ካንቺ ናፍቆት በስተቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ።" ከዛ ቀጥታ ቤት ውስጥ ትገባለች። ላሚቱ ወለደች፣ ጥጃው መጋላ ነው። ዘንድሮ በርበሬ ስለተወደደ ግማሽ ፈረሱላ ብቻ ገዛሁ። የጓዳው ግድግዳ ተሰንጥቆ ስለነበር በጭቃና በጭድ መረግኩት፣ አሁን ደህና ሆኗል። ለእነ እገሌ ሠርግ ጠላ ጠምቄ ሰጠሁ፣ ጌሾው ትንሽ በዝቶበት ነበር ግን ሰው ወደደው። እንዲህ እንዲህ እያለች ሁለት ገጽ ትሞላለች፣ መጨረሻ ላይ "ራስሽን ጠብቂ" ትልና ትፈርማለች።

እኔ በ1992 ዓ.ም. ዲቪ ደርሶኝ ኦሃዮ ኮሎምበስ የመጣሁ ጊዜ ይሄን ደብዳቤ እንዴት እንደማነበው ልንገራችሁ። ላሚቱን እዘላለሁ፣ ግድግዳውን እዘላለሁ፣ ጠላውን እዘላለሁ። "ዋናውን ወሬ" ነው የምፈልገው፣ ማን ሞተ፣ ማን ታመመ፣ የላክሁት ብር ደረሰ ወይ። ሌላው ለእኔ ወረቀቱን ለመሙላት የተጻፈ ነገር ነበር የሚመስለኝ። የስልክ ካርድ ሲረክስ ደግሞ ደብዳቤውም ቀረ። ቤት በቀየርኩ ቁጥር አንድ አንድ ካርቶን እየጣልኩ እየጣልኩ ደብዳቤዎቹም አብረው ሄዱ። ኅዳር 2008 እናቴ አርፋ ለቅሶ ከተቀመጥኩ በኋላ ቤቱን ሁሉ ገለባብጬ ስፈልግ ከጸሎት መጽሐፌ ውስጥ ሦስቱን አገኘሁ፣ በቃ ሌላ የለም። ያን ቀን ነው ለመጀመሪያ ጊዜ ሳልዘል ያነበብኳቸው።

እና አስቡት፣ ያኔ ያወቅኩት ነገር ቢኖር እናቴ ዋናውን ወሬ ነበር የምትጽፍልኝ። ሕይወቷ እኮ እሱ ነው። ግድግዳ መረገች ማለት ሁለት ቀን ጭቃ ረገጠች፣ ጭድ ለመነች ወይ ገዛች፣ እጇ ተሰነጣጠቀ ማለት ነው። ያን ሥራ ያየላት ሰው የለም፣ ያመሰገናትም የለም፣ የጻፈችው ለእኔ ብቻ ነው፣ እኔ ደግሞ ዘለልኩት።

በዛው ዓመት ለፋሲካ በግ ልንገዛ ከጓደኞቼ ጋር ወደ ሆልምስ ካውንቲ ሄድን። ከኮሎምበስ አንድ ሰዓት ተኩል አካባቢ የሚያስነዳ ገጠር ነው፣ አሚሾች የሚባሉት ክርስቲያኖች በብዛት ከሚኖሩባቸው የአሜሪካ ቦታዎች አንዱ። ኮሎምበስ ያላችሁ ታውቋቸዋላችሁ፣ በፈረስ ጋሪ የሚሄዱት፣ ቤታቸው ከመስመር መብራት የማያስገቡት፣ ሴቶቹ ነጭ ቆብ የሚያደርጉት። እኔ እስከዛ ቀን ድረስ ከመኪና መስኮት ነበር የማውቃቸው። በጉን የሸጠልን ገበሬ ቤት ሚስትየዋ ጨው የሌለበት ቅቤም ነበራት፣ ለንጥር ቅቤ የሚሆን፣ ደስ ብሎኝ ብዙ ወሰድኩ፣ ከዛ ሁለት ጠርሙስ የፖም ማርማላታ ስገዛት እንዳይጋጭ ብላ በአሮጌ ጋዜጣ ጠቀለለችልኝ። ልክ እንደ ድሮ የሰፈራችን ሱቅ፣ ስኳር በወረቀት እንደሚጠቀለለው።

ቤት ገብቼ ስፈታው ጋዜጣው የባለፈው መስከረም ነበር። ስሙ ዘ በጀት ይላል። እኔ የገንዘብ ነገር መስሎኝ ነበር፣ ግን ቃሉ በጥንት ትርጉሙ ትንሽ ከረጢት ማለት ነው አሉ። ቆሜ ማንበብ ጀመርኩ፣ ከዛ ተቀመጥኩ፣ ከዛ ቅቤው ጠረጴዛ ላይ ቀለጠ።

ገጹ በሙሉ ደብዳቤ ነው። እያንዳንዱ ከላይ የቦታ ስምና ቀን አለው፣ ከዛ አየሩ እንዴት እንደሆነ ይናገራል፣ ዝናብ ጥሎ እንደሆነ ውርጭ መጥቶ እንደሆነ። ከዛ እሁድ ጸሎት እነማን ቤት እንደነበረ (አሚሾች ቤተ ክርስቲያን የሚባል ሕንፃ የላቸውም፣ በየሁለት ሳምንቱ በተራ በየቤቱ ነው የሚሰበሰቡት፣ እኛ ጽዋ ማኅበር እንደምናዞረው አስቡት)፣ እንግዳ ከየት እንደመጣ፣ ማን እንደወለደች፣ ማን ከመሰላል ወድቆ እግሩን እንደሰበረ፣ ማን ስንት ጠርሙስ የኮክ ፍሬ አሽጋ ለክረምት እንዳስቀመጠች። ጠርሙስ ይቆጥራሉ! አንዷ ሴትዮ ቲማቲሟ ስለተበላሸባት ዘንድሮ ሾርባ አለመሥራቷን ጽፋለች፣ በቃ ዜናው እሱ ነው፣ ከሰባት ወር በኋላ ኮሎምበስ ያለች የወሎ ሴት ቁጭ ብላ ስለ ቲማቲሟ እያዘነችላት ነው። እናቴ ናት ይሄን የጻፈችው ብዬ አሰብኩ። በእንግሊዝኛ ይሁን እንጂ የእናቴ ደብዳቤ ነው።

ከዛ በኋላ ነገሩ አልለቀቀኝም፣ ላይብረሪ እየሄድኩ ማንበብ ጀመርኩ። ጋዜጣው የሚታተመው እዚሁ ኦሃዮ ሹገርክሪክ የምትባል ትንሽ ከተማ ነው፣ የተመሠረተው በፈረንጅ 1890 ነው፣ እስካሁን በየሳምንቱ ይወጣል። የሚጽፉት ጋዜጠኞች አይደሉም፣ "ስክራይብ" ነው የሚሏቸው፣ እኛ ጸሐፊ እንደምንለው፣ በየአሚሽ ሰፈሩ ያሉ ገበሬዎች፣ የቤት እመቤቶች፣ ሽማግሌዎች ናቸው፣ በብዙ መቶ የሚቆጠሩ። አብዛኞቹ በእጃቸው ይጽፉና በፖስታ ወይ በፋክስ ይልካሉ፣ ቢሮው ውስጥ ነው በታይፕ የሚገባው። ደመወዝ የላቸውም፣ ጋዜጣው በነፃ ይደርሳቸዋል። አንድ ደስ የሚለኝ ዓምድ አለው፣ እገሌ ታሟል፣ ወይ እገሊት ሰማንያ ዓመት ሊሞላት ነው፣ ካርድ ላኩላቸው የሚል፣ ከዛ ጨርሶ የማያውቋቸው ሰዎች ከየስቴቱ ካርድ ያዘንቡባቸዋል።

በ2006 በፈረንጅ ባለቤቶቹ ጋዜጣውን ኢንተርኔት ላይ ሊያወጡት አስበው ነበር። ጸሐፊዎቹ እንቢ አሉ፣ እንደዛ ከሆነ አንጽፍም አሉ፣ ሐሳቡም ቀረ። ይሄን ሳነብ በጣም ነው የገባኝ። የታሸገ ኮክ ብዛት፣ የልጅ ኩፍኝ፣ የባል ወገብ ሕመም፣ እነዚህ ነገሮች የሚነገሩት ለሚያውቅ ሰው ወይም እንደሚያውቅ ሆኖ ለሚያነብ ሰው ነው። መንገድ ላይ ለሚያልፍ ሁሉ አይደለም።

ሌላም አላቸው፣ ዙር ደብዳቤ። ይሄ ደግሞ ልክ እንደ ዕቁብ ነው። አሥር ሴቶች ይሆናሉ እንበል፣ በየስቴቱ የተበተኑ እህትማማች፣ ወይ መንታ የወለዱ እናቶች፣ ወይ ባላቸው የሞተባቸው። አንድ ወፍራም ፖስታ በመሀላቸው ይዞራል። ፖስታው ሲደርስሽ የዘጠኙን ደብዳቤ ታነቢያለሽ፣ ባለፈው ዙር የጻፍሽውን ታወጪና አዲስ ጽፈሽ በቦታው ትከቺያለሽ፣ ከዛ ለሚቀጥለው ሰው ትልኪያለሽ። ፖስታው አያልቅም። ዓመታት ይዞራል።

በዚህች አገር የቤት ኑሮን በእጅ ጽሑፍ ማክበር የአሚሾች ብቻም አይደለም። ሱዛን ብራንች የምትባል ሴት በፈረንጅ ከ1986 ጀምሮ የምግብና የቤት መጽሐፎቿን በገዛ እጇ ፊደል እየጻፈች፣ በውኃ ቀለም እየሣለች ታሳትማለች። ሜይን ስቴት ውስጥ ደግሞ ኤሚ ዳሲዚን የምትባል የስድስት ልጆች እናት ነበረች፣ በፈረንጅ ከ1990 እስከ 1996 ስለ ቁጠባና ስለ ቤት አያያዝ በየወሩ ጋዜጣ ታወጣ ነበር፣ ጽሑፉ ታይፕ ነው፣ ሥዕሉን ግን ራሷ ነበረች የምትሥለው። እነዚህ ሁሉ ሴቶች ናቸው እንግዲህ እኔም የጓዳ ወሬ በእጄ እየጻፍኩ ለማውቃቸው ሴቶች እንድልክ ያደፋፈሩኝ።

ግን የራሳችንንም ነገር መርሳት የለብኝም። የመጀመሪያው የአማርኛ ጋዜጣ የሚባለው "አእምሮ" በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ሲጀመር በእጅ እየተጻፈ ነበር የሚሰራጨው። ካቫድያስ የሚባል ግሪካዊ ነጋዴ ነው የጀመረው፣ በየሳምንቱ 24 ቅጂ። ሃያ አራት! ይሄን ቁጥር ሳነብ ልቤ ሞቀ፣ ምክንያቱም እኔ በዛን ጊዜ በጣቴ የቆጠርኳቸው የማውቃቸው ሴቶች አሥራ አንድ ነበሩ፣ እና አሥራ አንድ ትንሽ ነው ብዬ ሳፍር ነበር።

መስከረም 2009 የመጀመሪያውን ጻፍኩ። ስሙን "ጓዳ" አልኩት። አራት ገጽ፣ አንድ ሉክ ታጥፎ። እዚህ ሉክ የሚባል የለም፣ ትልቁን ወረቀት ገዝቼ መሀሉን አጥፌ በማስመሪያ መስመር አሰመርኩበት። ከላይ የእናቴን መሶብ ሣልኩ፣ መሳል ሳልችል ሦስት ቀን ፈጅቶብኝ፣ ከዛ "ለጤናችሁ እንደምን ናችሁ" ብዬ ጀመርኩ። ሌላ አጀማመር አልመጣልኝም።

በዛ በመጀመሪያው ላይ የእናቴን በርበሬ ልጽፍ ነበር ሐሳቤ። ቁጭ ብዬ ስጽፍ ነው ጉዱ የመጣው። ዛላው ይቀነጠሳል፣ ይታጠባል፣ ይሰጣል፣ ከዛ በነጭ ሽንኩርት፣ በዝንጅብል፣ በቀይ ሽንኩርት፣ በበሶብላ፣ በጤና አዳም ይደለዛል፣ እንደገና ይሰጣል፣ ከዛ ኮረሪማው፣ ነጭ አዝሙዱ፣ ጥቁር አዝሙዱ ታምሶ ይገባበትና ይፈጫል። እስከዚህ አውቃለሁ። ስንት ዛላ በርበሬ ላይ ስንት ነጭ ሽንኩርት ነው ስባል ግን ባዶ። ደሴ አክስቴ ጋ ደወልኩ። "አይ ልጄ፣ እሱ እኮ በእጅ ነው የሚታወቀው" አለችኝ። ስንት እጅ ነው እትዬ አልኳት። ዝም አለች። ከዛ "እናትሽ ብትኖር ትነግርሽ ነበር" አለች፣ ሁለታችንም አለቀስን።

ሙያ በልብ ነው እንላለን አይደል። ስታድጉ ስንት ጊዜ ሰምታችሁታል። ባለሙያ ሴት ሙያዋን አታወራም፣ ወጡ ራሱ ይናገርላታል። እኔ ግን ይሄ አባባል አሁን አሁን ያስቆጣኛል፣ በልብ የተቀመጠ ሙያ ከባለቤቱ ጋር ነው የሚቀበረው። የእናቴ በርበሬ ተቀብሯል። እኔ አሁን የምሠራው በርበሬ ከሜክሲኮ ሱቅ በተገዛ ዛላ፣ በሚዛን እየመዘንኩ፣ አራት ጊዜ ተበላሽቶብኝ በአምስተኛው የተስተካከለ ነው፣ ጥሩ ነው፣ የሷ ግን አይደለም። መጠኑን በግራም ጽፌዋለሁ። ልጄ ከፈለገች ታገኘዋለች።

የአሠራሩን ነገር ልንገራችሁ፣ ብዙ ሰው ስለሚጠይቀኝ። ሥራዬ የማታ ሺፍት ነው፣ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ እገባለሁ፣ ቡና አፈላለሁ (ስቆላ የጭስ አላርሙ እንዳይጮህ በረንዳውን ከፍቼ ማራገቢያ አበራለሁ)፣ ከዛ አንድ ሰዓት ያህል እጽፋለሁ። በእርሳስ አልጀምርም። ከተሳሳትኩ ሰርዤ ከጎኑ እጽፋለሁ፣ ስርዙም አብሮ ይሄዳል። ሳምንቱን ሙሉ ወረቀቱ ጠረጴዛው ላይ ስለሚቆይ የምጽፈው ቤቱ ውስጥ እየሆነ ያለውን ነው። ሽሮ እየተንተከተከ ስለ ሽሮ ነው የምጽፈው። ሲያልቅ ላይብረሪ ኮፒ አደርጋለሁ፣ አጥፌ ፖስታ ውስጥ እከታለሁ፣ ለአሜሪካ ውስጡ አንድ ቴምብር ነው፣ በ2025 በፈረንጅ 78 ሳንቲም ገብቶ ነበር። አገር ቤት ላሉት እንደምታውቁት ቤት ድረስ የሚያመጣ ፖስተኛ ስለሌለ በእህቴ መሥሪያ ቤት ፖስታ ሣጥን ቁጥር ባንድ ፖስታ አድርጌ እልካለሁ፣ እሷ በየቤቱ ታዞረዋለች። አንዴ ሁለት ወር ፈጅቷል። አንዴ ደግሞ ስምንት ቅጂ የያዘ ፖስታ የት እንደቀረ ሳይታወቅ ቀረ። እንደገና ላክሁ። አሁን 64 ሆነናል፣ ኦሃዮ፣ ሚኒሶታ፣ ዲሲ፣ እስራኤል ነታንያ ሁለት አሉ፣ ደሴ፣ ኮምቦልቻ፣ አዲስ አበባ።

አንድ ወዳጄ ቴሌግራም ቻናል ክፈቺና በሺህ የሚቆጠር ሰው ያንብብሽ አለኝ። በቅንነት ነው፣ ይወደኛል። እኔም ቴሌግራም እጠቀማለሁ፣ ይሄንንም እየጻፍኩ ያለሁት በስልኬ ነው፣ ስልክ ጠልቼ አይደለም። ግን ታይፕ ሳደርግ የማልጽፋቸው ነገሮች አሉ። ታይፕ ሳደርግ ፎቶ ላይ እንደቆምኩ ነኝ፣ ፀጉሬን የማስተካክል ይመስለኛል። በእጄ ስጽፍ ግን "ትላንት ያወጣሁት እንጀራ ዓይን የለው፣ እርሾውን ገድዬዋለሁ መሰለኝ" ብዬ እጽፋለሁ፣ እጄም ደክሞት ከሆነ ፊደሉ ያሳብቅብኛል። ያን ወር ሦስት ሴቶች ስለ እርሾ ጻፉልኝ። አንዷ ከሚኒሶታ፣ እሷ ብርድ ታውቃለች፣ ሊጡን ኦቨን ውስጥ አስገቢና ኦቨኑን ሳትለኩሺ የውስጡን አምፖል ብቻ አብርተሽ አሳድሪው አለችኝ። ሠራ! ጥር ላይ ውጪው በረዶ ሆኖ ሊጡ ኩፍ ብሎ አደረ። ይሄ ትልቅ ዜና ነው፣ የፊት ገጽ ላይ ነው ያወጣሁት።

ቀላል ኑሮ ማለት በስልካችን የምናየው ነጭ ወጥ ቤትና የተደረደረ ጠርሙስ አይመስለኝም። እናቴ ኑሮዋ ቀላል አልነበረም፣ ውኃ በጀርባዋ ተሸክማ፣ ጭስ ዓይኗን አቃጥሎት ነው የኖረችው፣ እሱን አሳምሬ ብጽፈው ኃጢአት ይሆንብኛል። እኔ የምወደው ሌላ ነገሯን ነው። ያላትን ታውቅ ነበር። ጎታው ውስጥ ስንት ቁና ጤፍ እንደቀረ፣ ቅቤው እስከ መቼ እንደሚያደርስ፣ የትኛዋ ዶሮ እንደምትቀፈቅፍ። ለጎረቤት ስትሰጥም ቆጥራ አይደለም ግን አውቃ ነው የምትሰጠው። እኔ ደግሞ ኮሎምበስ ፍሪዘሬ ውስጥ ምን እንዳለ የማላውቅበት ስንት ዓመት ነበረ፣ የሚበሰብስ እየገዛሁ እየጣልኩ። መጻፍ ከጀመርኩ በኋላ ነው ፍሪዘሬን ያወቅኩት። ስለምጽፈው ቆጠርኩት፣ ስለቆጠርኩት መጣሉን ተውኩ።

አሁን ስለ አንዲት ልጅ ልጻፍላችሁ፣ ስሟን አልጠራም። ኮምቦልቻ አካባቢ ልጅ ናት፣ ሳውዲ የቤት ሠራተኛ ነበረች። እህቷ አገር ቤት "ጓዳ" ይደርሳት ነበርና ገጾቹን በስልክ ፎቶ እያነሳች ትልክላታለች። እኔ ይሄን አላውቅም ነበር። አንድ ቀን በዋትስአፕ የድምፅ መልእክት መጣልኝ፣ ድምፁ ዝቅ ያለ፣ ማታ ተደብቃ የምታወራ ነው የሚመስለው። "እትዬ፣ እኔ ቀን ቀን የሰው ቤት ሳጸዳ እውላለሁ፣ ማታ ማታ የራሴን ቤት እጽፋለሁ" አለችኝ። ምን ማለቷ እንደሆነ ፎቶ ስትልክልኝ ነው የገባኝ። ደብተር ገዝታለች። ከስልኳ እያየች እኔ የጻፍኩትን በሙሉ በእጇ ትገለብጠዋለች፣ መሶቡን ሳይቀር ሥላዋለች፣ ከኔ የተሻለ አድርጋ። ከዛ ከሥር የራሷን ትጨምራለች፦ "እኔ ይሄን ስሠራ ነጭ ሽንኩርቱን እቀንሳለሁ።" "የኔ ወጥ ቤት መስኮት በምሥራቅ በኩል ይሆናል።" "ደጃፍ ላይ ጤና አዳም እተክላለሁ።"

ያን ቀን ሥራ መሄድ አቃተኝ። የቤት ሥራን አከበርኩ እያልኩ ስጽፍ፣ ቀኑን ሙሉ የሰው ቤት የምታጥብ፣ የሰው ልጅ የምታሳድግ፣ የራሷ በር የሌላት ልጅ ታነበኛለች ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር። ላቆም ሁሉ አስቤ ነበር፣ የማላውቀው ቁስል ላይ እየጻፍኩ ይሆን ብዬ። ጻፍኩላትና ጠየቅኳት፣ ያምሻል ወይ አልኳት። መልሷ አጭር ነበር፣ "አይ እትዬ፣ አታቁሚ፣ የመስኮቱን መጋረጃ ገና አልጨረስኩም" አለች። መጋረጃው ደብተሯ ላይ ነው። ከዛ ወር ጀምሮ ሁሌ የመጨረሻውን ገጽ ግማሽ ባዶ እተወዋለሁ፣ ማንም ያነበበ የራሱን እንዲጽፍበት፣ መስመር ብቻ አሰምሬበት።

በ2016 ዓ.ም. አገሯ ገባች። እንደገባች ለብዙ ወር ምንም አልሰማሁም፣ ተመልሶ የሚገባ ሰው ምን ምን እንደሚገጥመው ስለማውቅ አልነዘነዝኳትም። ባለፈው ሰኔ ከእህቴ ፖስታ ውስጥ የታጠፈ ወረቀት ወጣ። ሉክ ነው፣ እውነተኛው የአገር ቤት ሉክ፣ በሰማያዊ ቢክ። አጋንኜ አይደለም፣ ሽታው ራሱ የእናቴ ደብዳቤ ነው፣ ያ የጭስና የቅቤ ነገር።

በሐምሌው "ጓዳ" የፊት ገጽ ላይ እኔ ምንም አልጻፍኩም። የሷን ወረቀት እንዳለ ኮፒ አድርጌ አወጣሁት። እንዲህ ይላል፦

"ለጤናሽ እንደምን ነሽ እትዬ፣ እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። አንድ ክፍል ቤት ተከራይቻለሁ። መስኮቱ በምሥራቅ ሳይሆን በሰሜን ነው፣ ፀሐይ አይገባም ግን በሩን ስከፍተው ይገባል። ሦስት ዶሮ ገዛሁ፣ አንዷ ሞተች፣ ሁለቱ ይጥላሉ። ጤና አዳሙ በቆርቆሮ ተክዬው በቅሏል። በርበሬ ሁለት ኪሎ አዘጋጀሁ፣ ባንቺ ግራም ነው፣ ነጭ ሽንኩርቱን ግን ቀንሻለሁ። መጋረጃው ቢጫ ነው። ግድግዳው ጥግ ላይ ተሰንጥቋል፣ ዝናቡ ሲያባራ እመርገዋለሁ።"